በሰላም አርፈናል

አቶ ይርዳው ካሳ በሕይወት መኖራቸው የተረጋገጠው ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ባሕር ዳር ነው። ማረጋገጫው በየዓመቱ ይታደሳል። ጡረተኛ ሁሉ በተወለደበት ወር መዝገብ ቤት ይቀርባል፤ መስተዋት ፊት ቆሞ ሦስት ጊዜ ይተነፍሳል፤ ስሙን ከነአያቱ ጠርቶ "አለሁ" ይላል። አቶ ይርዳውም "አለሁ" አሉ። መስተዋቱ አልሰማሁም ብሎ አስደገማቸው። በሦስተኛው "አለሁ አልኩህ እኮ፣ ምን ልሁንልህ!" ብለው ሲቆጡ አረንጓዴው መብራት በራ። ቁጣ የሕይወት ምልክት መሆኑን መዝገቡ ካወቀ ቆይቷል።

ወረቀቱን አጥፈው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት። ወረቀት የሚጠይቅ ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን የመስኖ ፓምፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸውና በእጅ ያልተያዘ ነገር አያስተማምናቸውም።

የጎርጎራው የውኃ አውሮፕላን ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣ። ስድስት ሰው ይጭናል፤ በዚያ ቀን ግን ተሳፋሪው እሳቸው ብቻ ነበሩ። የጣሪያው ድምፅ "ደቅ ደሴት ላይ ወራጅ አለ?" ብሎ ጠየቀ። ጎርጎራ እንደሚወርዱ ሲሳፈሩ ተናግረዋልና ዝም አሉት። ድምፁ ደግሞ ጠየቀ። "የለም! ማን ሊወርድልህ ነው?" አሉ። ከፊት የተቀመጠችው ካፒቴን ማስተዋል ሳትዞር ሳቀች። ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ሹሩባዋን በማዳመጫው ሥር የጠቀጠቀች ልጅ ናት። ዝም ካሉት ወርደዋል ብሎ እንደሚመዘግባቸው፣ ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴትዮ ሳይወርዱ "ወርደው" ሻንጣቸው ደቅ እንደቀረ አጫወተቻቸው። አቶ ይርዳው አልሳቁም። አጠገባቸው ያለው መስኮት ሲንኳኳ ራሳቸውን አዙሮት ነበርና ከፊታቸው ካለው ኪስ የመንገደኞች መመሪያ ካርዱን አውጥተው፣ ሳያነቡ አራት አጥፈው፣ በመስኮቱ ስንጥቅ ወሸቁት። ጸጥ አለ። በዚያ ቀን እንዳሰቡት የሆነላቸው ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ጣና ከጎርጎራ መሸሽ ከጀመረ ቆይቷል። ከተማዋ የአውሮፕላን መቆሚያ ድልድይዋን ሦስት ጊዜ አስረዝማለች፤ ሐይቁ ይሸሻል፣ ድልድዩ ይከተላል። ማረፊያው ውኃ ላይ በተንሳፈፉ ብርቱካንማ ኳሶች ተከልሏል። በኳሶቹ መካከል ያለው ጥልቀት ካርታው ላይ ሁለት ሜትር ከግማሽ ነው። ካርታው የሚታደሰው ግን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሐይቁ ሞልቶ በሚያድርበት በመስከረም ነው። ይህ ደግሞ ግንቦት ነበር።

ካፒቴኗ አላጠፋችም። አውሮፕላኑ በሁለቱ ተንሳፋፊ እግሮቹ ውኃውን ነካ፣ ተንሸራተተ፣ ፍጥነቱን ቀነሰ። አቶ ይርዳው ቀበቷቸውን ሊፈቱ እጃቸውን ሰድደዋል። በዚህ መሐል የግራው እግር ደለል አገኘና ቆመ። የቀረው አውሮፕላን አልቆመም። አፍንጫው ጭቃው ውስጥ ተሰካ፤ ጭራው ወደ ላይ ተነሣ፤ የአቶ ይርዳው ባርኔጣ በተሰበረው የፊት መስተዋት በኩል ወጥቶ ውኃው ላይ በተንሳፈፈው የእንቦጭ አረም ላይ ተቀመጠ።

እሳቸው ግንባራቸው ተጫረ እንጂ ሌላ የሆኑት ነገር የለም። ከመቀመጫቸው ወርደው ሲቆሙ ውኃው ከወገባቸው አላለፈም። ለቆመ ሰው ማለት ነው። ካፒቴኗ ተቀምጣለች፤ የፊተኛው ክፍል ተጨፍልቆ ቀኝ እግሯን ከፔዳሉ ጋር ቆልፎታል፤ ውኃው ደረቷ ላይ ደርሷል። ዓይኗን ጨፍና ታቃስታለች። የእሷ ስልክም ሬዲዮውም ከውኃው በታች ናቸው።

የአቶ ይርዳው ስልክ ጠራ።

መዝገቡ ነው። ድምፁ የሴት ነው፤ ለስላሳ፣ ትሑት፣ የሀገሩን ወግ ጠንቅቆ የተማረ። "ተሳፋሪ አቶ ይርዳው ካሳ፣ እንደምን ዋሉ? አውሮፕላኑ ከቦታው ቀድሞ ቆሟል። ነፍስ አድን ጀልባ ተልኮልዎታል። ያሉበትን ሁኔታ በአጭሩ ይግለጹልን። መልስዎ እንዳለ ለቤተሰብዎ ሊደርስ ይችላል።"

የመጨረሻዋ ቃል ናት ጉድ የሠራቻቸው። ቤተሰብ ማለት ልጃቸው ትርንጎ ናት። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፤ ሁለተኛው የወንድሟ መርዶ በተነገራት ማግስት ነበር። ለእንዲህ ያለች ሴት "አውሮፕላኑ ተከሰከሰ" ተብሎ አይጀመርም። ደግሞስ የትኛው የወግ ሰው ነው ከክፉው የሚጀምረው? መጀመሪያ ደህና ነን ይባላል፣ ፈጣሪ ይመሰገናል፣ ከዚያ "ብቻ" ተብሎ ጉዱ ቀስ ብሎ ይወጣል።

"በሰላም አርፈናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ አቶ ይርዳው። "ብቻ..."

"ሁለታችሁም አርፋችኋል?"

"ሁለታችንም በሰላም ነው ያረፍነው። ብቻ ካፒቴኗ እግሯ..."

"ነፍስ ይማር" አለ መዝገቡ።

አቶ ይርዳው የሰሙትን ለማመን ስልኩን ከጆሯቸው አንሥተው አዩት። ከድልድዩ ጫፍ ተነሥቶ ወደ እነሱ ይከንፍ የነበረው ቀይ ጀልባ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ሰው አልነበረበትም። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ፤ ለክብር ይመስል ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ፤ ዞሮ ተመለሰ።

"ኧረ አልሞትንም! ደርሰናል ማለቴ ነው! አውሮፕላኑ አረፈ፣ አረፍን!"

"መልእክትዎ ለሦስተኛ ጊዜ ተረጋግጧል። አስከሬን ማንሻ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይደርሳል። እስከዚያ ከቦታዎ እንዳይንቀሳቀሱ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይህ ነው። አቶ ይርዳው ጮኹ። መዝገቡ አዳመጣቸው፤ ሲጨርሱም የሟች ድምፅ አስመስሎ መናገር ከሁለት ዓመት እስራት ጀምሮ እንደሚያስቀጣ በትሕትና አስታወሳቸው። "ሟች የተባልኩት እኔ ነኝ!" አሉ በንዴት። ሟቹ መሆናቸውን ስላረጋገጡለት አመሰገናቸው። ከኪሳቸው ያንን ወረቀት አውጥተው፣ ጥጉ ረጥቦ ነበር፣ ቁጥሩን አነበቡለት። እሱም መለሰላቸው፤ ማረጋገጫው የተሰጠው አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ ዕረፍታቸው የተመዘገበው ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ ነው፤ የኋለኛው ይጸናል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አቶ ይርዳው ከሁለቱ የባሰ ሦስተኛ አገኙ።

ምዝገባው የሚቃናበት መንገድ ነበር። የቅርብ ቤተሰብ በአካል ቀርቦ፣ ሟቹን ፊት ለፊት አይቶ ሲመሰክር። እሺ ልጄን አገናኘኝ አሉት። አይሆንም፤ መርዶ ቀን በስልክ አይነገርም፤ እንደ ወጉ ነገ ሊነጋጋ ሲል፣ እህል ሳትቀምስ፣ ሽማግሌዎች ባሉበት ይነገራታል፤ እስከዚያ ወሬ እንዳይቀድም ስልኳ ዝግ ነው። ወግ አስተማሩት እንጂ ቋንቋ አላስተማሩትም፤ አቶ ይርዳውን ከሁሉ በላይ ያንገበገባቸው ይህ ነው።

"ጋሼ" አለች ካፒቴኗ። ዓይኗን ገልጣለች። "'አርፈናል' አሏቸው እንዴ?"

"ታዲያ ምን ልበል?"

"'ውኃ ነክተናል' ነው የሚባለው። ያኛው ከተከለከለ ሦስት ዓመቱ ነው። ካርዱ ላይ በቀይ ተጽፏል፤ አላነበቡትም?"

አቶ ይርዳው መስኮቱ ላይ የወሸቁትን ካርድ አዩ።

እግሯን ሊያወጡላት ሞከሩ። ብረቱ አልተነቃነቀም፤ ይልቁንም እሳቸው ሲጎትቱ አፍንጫው ትንሽ ወደ ታች ሰመጠና ውኃው ጣት ያህል ጨመረ። ተዉት። በእግራቸው ወደ ዳር ለመሄድ ወጡ፤ አሥር እርምጃ ሳይሄዱ ጭቃው ጭናቸው ድረስ ዋጣቸውና በክንፉ ተንጠልጥለው ተመለሱ። የሐይቁ ዳር ከዚያ አንድ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ድልድዩ ላይ ሰው የለም፤ ድልድዩ ራሱን በራሱ ነው የሚያስተዳድረው። ዓሣ አጥማጅም ካልታየ ብዙ ዘመን ሆኗል።

"ነፋሱ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?" ብላ ጠየቀች ካፒቴኗ ሰማዩን እያየች፤ ለራሷ ነው እንጂ ለእሳቸው አይደለም፤ መልሱን ታውቃለች። በግንቦት የጣና ነፋስ አሥር ሰዓት ሲያልፍ ይነሣል። ሞገዱ ትልቅ አይደለም፤ አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ከካፒቴኗ አገጭ እስከ ውኃው ያለው ርቀት ግን አንድ ክንድ አይሞላም።

አቶ ይርዳው ያን ጊዜ ፈሩ። እስከዚያ ድረስ ተናድደው ነበር፤ ንዴት ደግሞ ፍርሃትን ቦታ ያሳጣዋል። አሁን ግን ልጅቱ ተቀምጣ በቀን ብርሃን፣ በወገብ ልክ ውኃ ውስጥ፣ በአንድ ቃል ምክንያት ልትሞት መሆኑን ተረዱ። ቃሉም የወጣው ከእሳቸው አፍ ነው።

ስልኩን እንደገና ከፈቱ። የሟች መስመር ለአንድ ቦታ ብቻ እንደሚደውል አሳያቸው፤ ለእድር። መዝገቡ በዚህም የሀገሩን ወግ አክብሯል።

የእድሩ ዳኛ አቶ ደሳለው ናቸው። ከአቶ ይርዳው ጋር አብረው ያደጉ፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ የተኳረፉ። ነገሩ የጥሩምባ ነው። አቶ ይርዳው በጉባኤ ተነሥተው፣ በዚህ ዘመን ጥሩምባ እየነፉ የሰው ጆሮ ማደንቆር ኋላቀርነት ነው፣ መዝገቡ ለሁሉም ስልክ ላይ ያሳውቅ ብለው ነበር። ጉባኤው ሊስማማ ምንም ሳይቀረው አቶ ደሳለው ጥሩምባዋን ታቅፈው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም።

"አቤት" አሉ አቶ ደሳለው።

"እኔ ነኝ፣ ይርዳው።"

"አሁን አርፈሃል ብለው ነገሩኝ እኮ" አሉ አቶ ደሳለው። "አካፋ እያወጣሁ ነው።"

አቶ ይርዳው ሁሉንም ነገሯቸው። አቶ ደሳለው ሳያቋርጡ ሰሙ። ከዚያ ሳቁ፤ ሲስቁ ሳግ የያዛቸው ይመስላል። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል አሉ። ጥሩምባ ምን ያደርጋል ያለው ሰው አንተ አይደለህም ወይ አሉ። አቶ ይርዳው ነኝ፣ እንደፈለግህ ስደበኝ፣ ግን ሰው ይዘህ ድረስ፣ ነፋሱ አንድ ሰዓት አልቀረውም አሏቸው።

እዚህ ላይ የአቶ ደሳለው ሳቅ ቆመ። ሦስት ታንኳ አለ፤ የፕላስቲክ ቧንቧ ነው፣ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል። አካፋና ዶማም አለ። የጠፋው ሰው ነው።

"ለእርዳታ ብነፋ ማንም አይወጣም፣ ይርዳው። 'መዝገቡ ይደርስላቸዋል' ብሎ ይተኛል። ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለቀብር ብቻ ከሆነ ስንት ዓመቱ! ለቀብር ደግሞ የሟች ስም መጥራት አለብኝ።"

"የካፒቴኗን ጥራ።"

"የእድራችን አባል አይደለችም። ማን ብለው ይወጣሉ?"

ሁለቱም የሚያስቡት ስለ ትርንጎ ነው። ቤቷ ከጥሩምባው ሜዳ አጠገብ ነው። አቶ ደሳለው ሚስታቸውን አስቀድመው ሊልኩላት ይችላሉ፤ ሴትዮዋ ግን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ጥሩምባው ይቀድማቸዋል።

አቶ ይርዳው ወደ ካፒቴኗ ተመለከቱ። ሁሉንም ሰምታለች። አንገቷን ቀና ለማድረግ የመቀመጫውን ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣ ይዛለች፤ ጣቶቿ ነጥተዋል። ጥሩልኝ አላለችም፤ ተዉትም አላለችም። ዓይኗን ከእሳቸው ላይ አንሥታ ውኃው ላይ ጣለች። ብትለምናቸው ይቀላቸው ነበር። እሷም የሰው ልጅ ናት፤ ትርንጎም የሰው ልጅ ናት፤ በትርንጎ ሆድ ያለው ደግሞ ገና ስም የለውም። ይህን ሒሳብ የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። ፈጣሪ ደግሞ በዚያ ሰዓት ስልክ አላነሣም።

"የእኔን ስም ጥራ" አሉ። "ሚስትህን ግን አሁን ላክ። ሮጠው ባያውቁም ይሩጡልኝ።"

ከዚያ ወደ አውሮፕላኑ ውስጥ ገብተው ከካፒቴኗ መቀመጫ ጀርባ ቆሙ፤ ራሷን በመዳፋቸው ደገፉላት። ኮታቸውን አጣጥፈው ከአንገቷ ሥር አደረጉት። እናቷ ደብረ ታቦር እንደሆነች፣ እህል ያልቀመሰችው ከጠዋት ጀምሮ እንደሆነ ነገረቻቸው። ኪሳቸው ውስጥ ለትርንጎ የገዙት ብርቱካን ነበር፤ ልጠው አጎረሷት።

ጥሩምባው ሲነፋ ድምፁ በውኃው ላይ ጥርት ብሎ መጣ። ሦስት ጊዜ ተነፋ። ከዚያ የአቶ ደሳለው ጎርናና ድምፅ፣ ስልሳ ዓመት የሚያውቁት ድምፅ፤ "የእድራችን አባል አቶ ይርዳው ካሳ ስላረፉ፣ አካፋና ዶማ የያዛችሁ በሐይቁ ዳር ተገናኙ!" ሰው የራሱን ጥሩምባ መስማት የለበትም። አቶ ይርዳው እንባቸው መጣ፤ ለራሳቸው አልነበረም። ከሜዳው ወዲህ አንድ የሴት ጩኸት የሰሙ መሰላቸው። ነፋሱም ሊሆን ይችላል፤ ነፋሱ ያን ጊዜ ተነሥቷልና።

የመጀመሪያው ሞገድ የካፒቴኗን አገጭ ነካ። ሁለተኛው አፏን ሸፈነና ተመለሰ። በሞገድና በሞገድ መካከል እንድትተነፍስ አቶ ይርዳው ይቆጥሩላት ጀመር፤ "አሁን... ያዥ... አሁን።" ፓምፕ ሲጠግኑ ውኃውን የሚያስገቡት እንዲሁ እየቆጠሩ ነበር። አንዴ ቆጠራው ተሳሳተባቸውና ውኃ ገባባት፤ ሳሏ እስኪለቃት ድረስ ራሳቸውን ሲረግሙ ቆዩ።

ታንኳዎቹ ደረሱ። አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ ጥቁር የለበሱም አሉበት። ከክንፉ ሥር የሞተው ሰው ራሱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ብቅ ብሎ "ምን ታፈጣላችሁ? በዚህ በኩል ቆፍሩ!" ሲላቸው አንዱ አማትቦ ወደ ኋላ ተንሸራተተና ውኃ ውስጥ ወደቀ። የቀሩት ግን የአቶ ይርዳው ቁጣ ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም ብለው ዘለሉ። መቃብር መቆፈር የለመደ እጅ ጭቃ አያስቸግረውም። በአውሮፕላኑ አፍንጫ ሥር ያለውን ደለል ከግራም ከቀኝም ዛቁት፤ አራቱ በዶማ እጀታ ብረቱን ቀና አደረጉ፤ አቶ ደሳለው ራሳቸው ጠልቀው እግሯን ከፔዳሉ አላቀቁት። ስትወጣ ጮኸች። ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሯል። ለእሳቸው አስከሬን ባመጡት ቃሬዛ ላይ አስተኟት።

"ብዙ እንዳትገላበጪ" አሏት አቶ ደሳለው። "ቃሬዛው ያልለመደው ነገር ነው፣ ሕያው ሰው።"

ከዳር ሕዝቡ ቆሟል። ትርንጎ ከፊት ናት፤ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ነው፤ የአቶ ደሳለው ሚስት በክንዷ ይዘዋታል። ሴትዮዋ የደረሱት ጥሩምባው በተነፋ በሩብ ሰዓት ነው። ሩብ ሰዓት ሙሉ ትርንጎ አባቷ ሞቶባት ነበር። አቶ ይርዳው ከታንኳው ወርደው ወደ እሷ ሲሄዱ ከፊቷ በፊት ያዩት ሆዷን ነው። ሁለት እጇን አድርጋበታለች። እጇን አላነሣችም፤ ግን ራሷን ነቀነቀች፤ ይንቀሳቀሳል ማለቷ ነበር። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጡ።

እሷ ግን አላቀፈቻቸውም፤ ቁጣዋ ገና አልወጣላትም ነበር። "ስልሳ ሰባት ዓመትህ ነው፣ አባዬ" አለች፤ እያለቀሰች ትቆጣለች። "አለሁ ለማለት ባሕር ዳር ድረስ! እንደው ምናለ አርፈህ ብትቀመ..."

አቶ ይርዳው ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑ። "ያንን ቃል አትጥሪብኝ!"

ዘገዩ። ስልኩ በመዳፋቸው ውስጥ ተናገረ፤ ያው ለስላሳ፣ ያው ትሑት። "የቅርብ ቤተሰብ በአካል መገኘቷን ተገንዝበናል። ወይዘሮ ትርንጎ፣ ሟቹን ፊት ለፊት እያዩዋቸው ነው?"

"እያየሁት ነው" አለች።

"ለመዝገቡ ይመስክሩ። አቶ ይርዳው ካሳ አርፈዋል ወይስ አላረፉም?"

አቶ ደሳለው ጥሩምባቸውን ደረታቸው ላይ ያዙ። ካፒቴኗ ከቃሬዛው ላይ በክንዷ ቀና ብላ ተመለከተች። ትርንጎ አባቷን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው፤ የተጫረ ግንባራቸውን፣ ባዶ ራሳቸውን፣ የረጠበች ወረቀት የጨበጠ እጃቸውን፣ ሊናገሩ የተከፈተ አፋቸውን።

"አባቴ?" አለች። "አባቴ ከተወለደ ጀምሮ አንድ ቀን አርፎ አያውቅም።"

ስልኩ ጥቂት አሰበ። ከዚያ አረንጓዴው በራ።